ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት… ሰውየውስ?

እኛ አለን፤ ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ ቡናውም፣ ኮረሪማውም አሉ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አየር መንገድ ነው። ገና ከመጀመራችን «አውሮፕላን ማረፊያ የሌላት ቢታ ገነት ስለ አየር መንገድ ምን አገባት?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ የለንም። አውሮፕላን መሳፈር ያማረው የኛ ሰው መጀመሪያ ቦንጋ ይደርሳል፣ ከቦንጋ ጅማ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ትኬት የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው። ቢሆንም ነገራችን ከአውሮፕላኑ ጋር አይደለም። ነገራችን አውሮፕላኑን ከሚያስነሱት ሰዎች ጋር ነው።

እስቲ በአገራችን ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት ግቡ። በሩ አጠገብ ሰሌዳ አለ። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት ይላል። ከዕሴቶቹ መካከል «የሰው ሀብታችን ትልቁ ሀብታችን ነው» ዓይነት አንድ መስመር አይጠፋም። ከሰሌዳው ሥር የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተሰቅላለች፤ ቁልፏ ማን ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። ቢፒአር መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ ሰሌዳው ተቀየረ፣ ሣጥኗ ተቀባች። ከሰሌዳው ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛስ? እሱ ማስታወቂያ እያነበበ ነው፤ መሄጃውን እየፈለገ።

«ምን እናድርግ፣ በጀት የለንም» ይሉናል አለቆቻችን። የዛሬው ክርክራችን እዚህች ላይ ነው። ሰውን ማስቀደም የሀብታም ድርጅት ቅንጦት ነው የሚለውን ነገር አንቀበልም። እንዲያውም ገንዘብ የሌለው፣ ሩቅ ያለ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ድርጅት ከሰው ሌላ ምን አለው? ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ነው ወደ ሰማይ ያንጋጠጥነው።

ሌላው ደቡብ ምዕራብ

አሜሪካ ውስጥ ሳውዝዌስት የሚባል አየር መንገድ አለ። ስሙን ወደ አማርኛ ብትመልሱት «ደቡብ ምዕራብ» ይሆናል። ልክ እንደ ክልላችን! (ዘመኑን ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልን።) ድርጅቱ በ1967 ቴክሳስ ውስጥ ሲመዘገብ ትልልቆቹ አየር መንገዶች እንዳይነሳ ፍርድ ቤት ገተሩት። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ የመጀመሪያ በረራውን ማድረግ የቻለው በሰኔ 1971 ነው። ሦስት ከተሞችን ያገናኝ የነበረ ትንሽ ድርጅት ነበር።

በ1972 ገንዘብ አለቀበት። ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። እንግዲህ የአራት አውሮፕላን ሥራ በሦስት ሊሠራ ነው። አንድ አውሮፕላን ሲቀንስ ሠራተኛም መቀነስ የተለመደ ነው። እነሱ ግን ሠራተኛውን ይዘው የበረራ ፕሮግራሙን በሦስት አውሮፕላን ለመሸፈን ወሰኑ። እንዴት? አንድ አውሮፕላን አርፎ፣ መንገደኛ አውርዶ፣ ጭኖ እንደገና እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ወደ አሥር ደቂቃ አወረዱት። አሥር ደቂቃ! እኛ ዘንድ አንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ጠረጴዛ ለመቀየር ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አስቡት። ይህ የሆነው በማሽን አይደለም። አስተናጋጆቹ አውሮፕላኑን ያጸዳሉ፣ አብራሪው ካስፈለገ ሻንጣ ያነሳል፣ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» የሚል የለም። በ1973 ደግሞ ሠራተኛው ከትርፉ ድርሻ የሚያገኝበትን ሥርዓት ዘረጉ።

መሥራቹና የኋላ መሪው ኸርብ ኬለኸር በ2019 መጀመሪያ እስኪያርፍ ድረስ ሲያስተምር የኖረው ቅደም ተከተል ነበር። ሠራተኛው ይቀድማል፣ ደንበኛው ይከተላል፣ ባለአክሲዮኑ ሦስተኛ ነው። ሠራተኛውን በደንብ ከያዝክ ሠራተኛው ደንበኛውን በደንብ ይይዛል፣ ደንበኛው ይመለሳል፣ ባለአክሲዮኑም ትርፉን ያገኛል ነው ነገሩ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 አደጋ በኋላ ሌሎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በአሥር ሺዎች ሲያባርሩ ሳውዝዌስት አንድም ሰው አልቀነሰም። እስከ 2019 ድረስም 47 ዓመት በተከታታይ አትርፏል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት ይሆን ነበር። በታኅሣሥ 2022 ከባድ ውርጭ መጣና አየር መንገዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ በረራዎች ሰረዘ። ሠራተኛ የሚመድቡበት ሶፍትዌር ያረጀ እንደነበረ የሠራተኛ ማኅበሮቹ ከዓመታት በፊት ጀምረው ተናግረዋል። ሰሚ አላገኙም። በየካቲት 2025 ደግሞ ድርጅቱ 1,750 የዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በታሪኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት ነው። ባህል ድርጅትን ከመሬት ያነሳል። ባህል ግን እንደ ሐውልት አንዴ ተሠርቶ የሚቆም አይደለም፤ እንደ ጓሮ ነው፣ ካልታረመ አረም ይውጠዋል።

አምስት ያገለገሉ አውሮፕላኖች

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ አድርጎ ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ከወጣች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። በእጁ የነበሩት አምስት ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ሲሆኑ፣ መንገደኛው በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው መሀል ይከመራል። ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች፤ የኛ አካባቢ ቡና ያለ ምክንያት ዝነኛ አልሆነም።

አብራሪዎቹ፣ ቴክኒሻኖቹ፣ ሥራ አስኪያጁ ሁሉ አሜሪካኖች ነበሩ፤ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከሚባለው ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል የመጡ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ውሳኔ። ከዘይት የሚገኝ ገንዘብ የሌላት አገር የፈረንጅ ባለሙያ እየቀጠረች ለዘላለም መኖር አትችልም። ስለዚህ የራስን ሰው ማሠልጠን ተጀመረ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1964 የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ቁጥሮቹን አስተውላችሁልናል? ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ 25 ዓመት። ሰውን ማብቃት የአንድ ሳምንት «የአቅም ግንባታ ሥልጠና» አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጡትንም ተመልከቱ። ከ2004 እስከ 2010 የመሩት አቶ ግርማ ዋቄ በወጣትነታቸው እዚያው ቤት ሥራ የጀመሩ፣ ውጭ ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከ2011 እስከ 2022 የመሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያምና ከሳቸው የተረከቡት አቶ መስፍን ጣሰው ሁለቱም ከታች ገብተው ደረጃውን እየወጡ የመጡ ናቸው። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች፤ በኅዳር 2015 ደግሞ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሁሉም ሴቶች የሆኑበት በረራ ባንኮክ ደርሶ ተመለሰ። ለአንድ ጀማሪ ቴክኒሻን «አለቃህ ትናንት አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ነበር» ከማለት የበለጠ ምን የማበረታቻ ንግግር አለ?

ውጤቱ ይታወቃል። በደርግ ዘመን አገሪቱ ከሞስኮ ጋር ስትወዳጅ አየር መንገዱ ቦይንግ መግዛቱን ቀጠለ፤ በ1984 የተረከበው 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለ ዕረፍት በርሮ በዘመኑ ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ነበር። በ2023/24 በጀት ዓመት ገቢው 7 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። የጎረቤቶቻችን አየር መንገዶች ከኪሳራ ወደ ኪሳራ ሲገላበጡ ይህ የድሃ አገር ልጅ ቆሞ ይሄዳል። አውሮፕላኑን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ ልዩነቱ ያለው ሰውየው ዘንድ ነው።

«እንዴት ለአለቃዬ እንዲህ እላለሁ?»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ገባን። ሰውን ማስቀደም ማለት ደመወዝና ሥልጠና ብቻ አይደለም። ታች ያለው ሰው ላይ ላለው ሰው እውነት መናገር መቻሉ ነው።

የአቪዬሽን ዓለም ይህን የተማረው በሞት ነው። በታኅሣሥ 1978 አንድ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ አጠገብ ወደቀ። ምክንያቱ ነዳጅ ማለቁ ነው! ካፒቴኑ በጎማው ችግር ተጠምደው ሳለ ሌሎቹ ነዳጁ እያነሰ መሆኑን እያዩ ነገሩን በጥብቅ አልተናገሩም። አሥር ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ነው ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን እንዲያርም፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ የሚያስተምረው ሥልጠና በመላው ዓለም የተስፋፋው።

እኛ «አንቱ» እያልን ያደግን ሕዝቦች ነን። ታላቅን ማክበር ጌጣችን ነው፣ አንጥለውም። ግን ጌጡ አንገት ሲያንቅስ? በጥር 2010 ከቤይሩት ተነስቶ ባሕር ውስጥ የወደቀውና 90 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አውሮፕላን ጉዳይ ላይ የሊባኖስ መርማሪዎች ያወጡት ሪፖርት፣ በአብራሪዎቹ መካከል መደጋገፍና ስሕተትን ጮክ ብሎ መናገር እንደጎደለ አስፍሯል። አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ ክርክሩ የባለሙያዎች ነውና እኛ አንፈርድም። ጥያቄው ግን ለሁላችንም ነው። በየቢሯችን ስንት «ረዳት አብራሪ» አለ፣ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን እያየ ዝም ያለ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የማንረሳው ቀን ነው። የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴኑ 29፣ ረዳቱ 25 ዓመታቸው ነበር፤ የኛ እኩዮች። ወዲያው ከባሕር ማዶ «የአፍሪካ አብራሪ ነው፣ ልምድ የለውም» የሚል ጣት ተቀሰረ። አየር መንገዱ ከልጆቹ ጎን ቆመ። በሚያዝያ 2019 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን እርምጃ እንደወሰዱ ገለጸ። በ2022 መጨረሻ ሪፖርቱ ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ ድርሻ ይበልጥ መባል ነበረበት ብለው ልዩነታቸውን አስመዝግበዋል። ስለ አምራቹ ግን ጉዳዩ ወለል ብሎ ወጥቷል። ቦይንግ በጥር 2021 ባለሙያዎቹ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ እንዳሳሳቱ አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይፋ በሆኑት የውስጥ መልእክቶች ደግሞ የቦይንግ ሠራተኞች ራሳቸው በአውሮፕላኑ አሠራር ሲሳለቁ ታይተዋል። አያችሁ? ችግሩን የሚያውቁ ሰዎች እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። ያወሩት ግን እርስ በርሳቸው ነው፤ ላይ ድረስ የሚወጣ መሰላል አልነበረም። ያ ግዙፍ ኩባንያ ያጣው ገንዘብ ወይም ዕውቀት አይደለም። የሚሰማ ጆሮ ነው።

ሚዛኑ ለሁሉም እኩል ይሁን

አየር መንገዳችንን ስለምንወድ ብቻ ከሚዛኑ አናወርደውም። ያሠለጠናቸው አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች በየዓመቱ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። «ዶላሩ ስቧቸው ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚሄድ ሰው ሁሉ መልእክት ትቶ ይሄዳል፣ ካነበብነው። በ2019 አንድ የቀድሞ የአየር መንገዱ ዋና መሐንዲስ አገር ጥሎ ወጥቶ ስለ ጥገና መዛግብትና በሚናገሩ ሰዎች ላይ ይደርሳል ስላለው ነገር ለአሜሪካ ባለሥልጣናት አቤቱታ አቅርቧል። አየር መንገዱ ክሱን ሐሰት ነው ብሏል። ማን እውነተኛ እንደሆነ በዚህ ገጽ አይወሰንም። የምንለው ይህን ነው፦ ለቦይንግ የፈለግነውን መሰላል ለራሳችንም እንፈልገው።

በኮሮና ዘመን፣ በ2020፣ አየር መንገዱ ከመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነባቸው። ያለ መንግሥት ድጎማና ቋሚ ሠራተኛ ሳንቀንስ ችግሩን ተወጣነው ሲሉ መሪዎቹ ተናግረዋል። ትልቅ ነገር ነው፣ ዓለም ሁሉ ሲያባርር። ሆኖም «ቋሚ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። ማንኛውም ድርጅት ሰው ወዳድነቱ የሚለካው በቋሚው ብቻ አይደለም፤ በኮንትራት በገባው፣ በጽዳት ሠራተኛዋ፣ በጥበቃው ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደኛ ሰፈር

ቢታ ገነት ውስጥ ሥራ ማለት ምን ማለት ነው? ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ብድርና ቁጠባ፣ የገበሬዎች ማኅበር፣ ጥቂት የግል ሱቅና ሆቴል። ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ተመርቆ እዚህ የተመደበ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዝውውር መቼ ይፈቀዳል?» ነው። ከተማ ለመድኩ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ኔትወርክ የለም ይላል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። እኛ ግን ተቀምጠን ስናወራ የምንሰማው ሌላ ነው። ልጁን ያባረረው ጭቃው ብቻ አይደለም።

ከመካከላችን አንዳችን በሠራንበት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ሥልጠና ሲመጣ የሚሄደው ሥራው የሚመለከተው ሰው ሳይሆን አበሉ የሚመለከተው ሰው ነበር። ግምገማ ሲጠራ ታች ያለው ይገመገማል፣ ላይ ያለው ይገመግማል። አንዲት ጓደኛችን የንብረት መዝገቡ እንደማይገጥም በስብሰባ ላይ ተናገረች። መዝገቡ ሳይታይ እሷ «የሥነ ምግባር ችግር ያለባት» ተባለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተናገረ የለም። ዝምታው ሰላም መሰላቸው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ካላችሁ፣ በጀት የማይጠይቁ አራት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ሥልጠናው ለሥራው ባለቤት ይሰጥ፤ የሄደውም ሲመለስ የተማረውን ለቀሩት ያካፍል። አየር መንገዱ ትምህርት ቤት የከፈተው ሀብታም ሆኖ አይደለም፣ ባለሙያ መግዛት ስላልቻለ ነው። እኛም መግዛት አንችልም፤ ስለዚህ እናብቃ።

ሁለተኛ፣ የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ ውስጥ ያለው ሰው ይታይ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ነገ ሒሳብ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ኃላፊ መሆን እንደምትችል በዓይኗ ትይ። ተስፋ ደመወዝ አይሆንም፣ ግን ደመወዝ ብቻውን የማያቆየውን ሰው ያቆያል።

ሦስተኛ፣ ችግር የተናገረ ሰው አይነካ። ሣጥኗ ትከፈት። በወር አንዴ አለቃው ዝም ብሎ፣ ደግመን እንላለን ዝም ብሎ፣ የሚያዳምጥበት አንድ ሰዓት ይኑር። የተነገረው ካልተሠራም ለምን እንዳልተሠራ ይነገር። ይህ «አንቱ» ማለትን አያስቀርም፤ «አንቱ፣ ተሳስተዋል» ማለትን ይጨምራል እንጂ።

አራተኛ፣ ትርፍ ካለ ይካፈል። ይህን ከቴክሳስ መማር አያስፈልገንም። በ2004 ቦንጋ ላይ የተቋቋመው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚሠራበት የኅብረት ሥራ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ገበሬው ነው፣ ትርፉም ወደ ገበሬው ይመለሳል። ከሱም በፊት ደቦ ነበረን። በደቦ ማሳው የማንም ይሁን የማን ሁሉም በአንድ ላይ ያርማል፣ ባለማሳው ያበላል ያጠጣል፣ ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ነው። ሠርቶ ከማዕዱ የሚባረር ሰው የለም። ታዲያ ይህ ባህል የመሥሪያ ቤት በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ውጭ የሚቀረው ለምንድን ነው?

«እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ሥልጣን ላይ ስትወጡ እናያችኋለን» የሚሉን አሉ። ደግ አሉ። እኛም የምንፈራው እሱን ነው። ዛሬ የምናማርረው ሁሉ ነገ አለቆች ነን፤ ያየነውን ብቻ ካወቅን ያየነውን እንደግማለን። በ1972 ያቺ ትንሽ አየር መንገድ አውሮፕላን ሸጣ ሰው ያስቀረችው ሌላ መንገድ ጠፍቷት አልነበረም፤ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ አስቀድማ ስለወሰነች ነው። እኛም ወንበሩ ሳይመጣ ካልወሰንን፣ ወንበሩ ይወስንልናል።

እስከዚያው ግን፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ያቺን ሣጥን ፈልጓት። ቁልፏ ከጠፋ ሰብራችሁ ክፈቷት። ውስጧ ስንት ዓመት የቆየ ወረቀት እንዳለ ጻፉልን።

ቸር ሰንብቱ!